በአራት ሰዓት፣ አንድ ቴምር

አፉላ ከተማ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ቃል አሻግራለሁ፣ በሁለት ሰው ጉዳይ፤
ለሐኪሟ ዕብራይስጥ፣ ላባቶች አማርኛ፣
እኔ ግን በመሐል፣ ደጃፍ ነኝ ዝምተኛ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ታቦር ይታያል፤
ባለ ተራው ሁሉ፣ ቁጥር ይጠብቃል።

«ልቤ ፈሰሰብኝ» ያለች አንዲት እናት፣
ሽቦ ለጠፉባት፣ ደረቷን ሊያዩላት፤
ልጇ ጎንደር ቀርቷል፤ ማሽኑ አያይላት።

ነገ አስተሰርዮ፣ ዛሬ ዋዜማው ነው፤
አባ ጀጃው መጡ፣ ሰማንያን አልፈው፣
መርፌና ዳዊቱን፣ ባንድ ኪስ ጨምረው።
ሐኪሟ ላሪሳ፣ ከሩሲያ የመጣች፣
የደሙን ወረቀት፣ ገልብጣ እያየች፣
በሰባራ ዕብራይስጥ፣ እንዲህ ተናገረች፦
«መርፌ የሚወጋ፣ ስኳር ያለበት ሰው፣
ሌሊቱን ቢጾመው፣ ጠዋት አናገኘው።
ጠዋት በአሥር ሰዓት፣ ይብሉ በይልኝ፤
ሌላ ነገር የለኝ፣ ይኸው ነው ያለኝ።»

(የእነሱ አሥር ሰዓት፣ ለእኛ አራት ነው፤
ትርጉም የሚጀምር፣ ከዚሁ ሰዓት ነው።)

አባ ይህን ሰምተው፣ ሳቅ አሉ በቀስታ፤
«ስልሳ ዓመት ጾሜ፣ አልወሰድኩም ፋታ።
በሱዳን ምድር ላይ፣ ልጅ በቀበርኩባት፣
ያቺን ቀን ጾሜያለሁ፣ እንባም ሳልውጥባት።
እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ዳቦ በሞላበት፣
ጥጋብ ያምረኛል ወይ፣ ፊቱ በምቆም ዕለት?
ደሞ ስኳር ይሉኛል! ኑሮዬ መራራ፤
ጣፋጩስ ከየት መጣ፣ በማን በር ተጣራ?»

ሐኪሟ ጠየቀች፤ «አይበሉም» አልኳት፤
መነጽሯን አውልቃ፣ እንቅልፍ ናፍቋት፣
«ይሞታሉ በቃ፤ ንገሪልኝ» አለች።
ሦስት ቃል ነች ብቻ፣ እንደ በር የተዘጋች።

እኔ ግን እውነቱ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤
ያልተባለ ነገር፣ ካፌ አመለጠኝ፦
«ሐኪሟ እንዲህ አለች፦ ‹ኦሪት ሞት አላዘዘም፤
በሕጉ ኑሩ እንጂ፣ ሙቱበት አላለም።
ሕይወት የጠበቀ፣ ጾም አልሻረምና፣
አንድ ቴምር ይቅመሱ፣ ይሁን ለምስጋና።›»

አባ ዝም አሉና፣ ሐኪሟን አዩዋት፤
ብድግ ብለው ቆመው፣ ግንባሯን ባረኳት።
«ምን አሉኝ?» ብትለኝ፣ «አመሰገኑሽ» አልኩ፤
ባንድ ቀን ሁለቴ፣ ቃሌን አጎደልኩ።

አስተሰርዮ ነጋ። መንገዱ ጭር አለ፣
አንድም መኪና እንኳ፣ በከተማው የለ።
ልጆች በብስክሌት፣ አስፋልቱን ወረሱት፤
የኔን ጾም በጠዋት፣ ሁለት ውሸት በሉት።
ጉልበቴ ሰገደ፣ ምላሴ ግን ቆመ፤
በማን አፍ ልናዘዝ? የራሴ ታመመ።
አራት ሰዓት ሲሞላ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤
አንዲት ቴምር ስታልፍ፣ በጥርስ እሰማለሁ።

ሳምንት አለፈና፣ አባ ተመለሱ፤
ጎንበስ ብለው አሉኝ፣ ከወንበር ሳይነሡ፦
«ሴትዮዋ ኦሪት፣ አታውቅም፣ አይቻለሁ፤
ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ያኔ ለይቻለሁ።
ስለ እኔ ኃጢአት፣ የተሸከመች ካለች፣
መሞት ነውር ሆነብኝ፤ ቴምሯ ተበላች።»

ሐኪሟ ጠየቀች፦ «ምንድን ነው የሚሉት?»
«ቴምሯን በልተዋታል፤ ጣፋጭ ናት ነው ያሉት።»