ከታች የሚነሣ ጉልበት

ሠላሳ አንድ በጋ ከጀርባው ተቀምጬ፣
በትከሻው በኩል አገር አማርጬ፣
ባሕሩን በግራ፣ ፏፏቴውን በቀኝ፣
ሞተሩን የማውቀው ከሱ ይልቅ እኔ ነኝ።
እሱ በጆሮው ነው፣ እኔ በወገቤ፣
ሲያቃስት ሲንተፋተፍ የሰማሁት ቀርቤ።

ትሮልስቲገን ላይ፣ ዐሥራ አንዱ እጥፋት፣
ጉም በሚተኛበት፣ አስፋልት በሚያልብበት፣
ድንኳኑ፣ ጋዝ ምድጃው፣ የደረቀው ዓሣ፣
የዝናብ ልብሳችን፣ የሱ ቦርጭ ሳይረሳ፣
ይህን ተሸክሞ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ፣
ሞተሩ ከታች ባዶ፤ ኦድቫር ማርሽ ሲመልስ፣
ቋ!
ሄልሜቴ ከሄልሜቱ።
ደግሞ ማርሽ ሲጨምር፣ ቋ!
በአንድ ዳገት ብቻ ሃያ ሁለት ጊዜ።
ቆጥሬዋለሁ።

በመጋቢት፣ በረዶው ከጣራ ሳይወርድ፣
የያርለ ጋራዥ ገብተን፣ ኦድቫር ተመኘ እንደ ጉድ፦
«ፒስተኑ ይስፋልኝ፣ ማርሚታው ይከፈት፣
ካሙም የእሽቅድምድም ይሁን፣ ቫልቩ ከፍ የሚልበት።»
ያርለ ጨርቅ አንሥቶ እጁን ጠረገና፣
ሁለት መስመር አሳየን፣ ስክሪኑን አበራና፦
«ይኼኛው ካም ከታች እንቅልፋም ነው፣ ይተኛል፤
አምስት ሺህ ዙር ሲያልፍ እንዳበደ ይነሣል።
ያኛው ቫልቩን ቶሎ ይዘጋል፣ ትንፋሽ አያባክንም፤
ከሁለት ሺህ ጀምሮ ይጎትታል፣ ላይ ሲደርስ ግን አይዘልም።»

ኦድቫር ጫፉን አየ።
እኔ የመስመሩን እግር።
«አምስት ሺህ ዙር» አልኩት፣ «መቼ ነው የደረስን?
አንዴ ለጀልባ ሮጠን፣ ያውም አመለጠን።»

የግራ ጉልበቴን ስፌቱ ያሳክከኝ ነበር ያን ሰሞን፤
በታኅሣሥ ብረት አስገብተውበት።
ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበር ሳትቆርጠኝ በፊት፦
«በአዲሱ ጉልበትሽ ምን ልትሠሪበት?»
ሩጫ አላልኳትም። ስኪ አላልኳትም።
«የምድር ቤቱን ደረጃ» አልኳት፣ «የመጀመሪያዋን፣
ድንች በከረጢት ይዤ፣
ግድግዳ ሳልደገፍ።»
ከተነሡ በኋላማ ማንም ይሮጣል።
ጭንቁ ያቺ አንዷ እርከን ናት።

«ማርሚታውስ?» አለ ኦድቫር፣ መጫወቻውን እንደ ተነጠቀ ልጅ።
«ባዶ ቧንቧ ድምፅ ነው» አለው ያርለ፣
«ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ ዳገት አያወጣም።
ሁለቱ ቧንቧ አንድ ላይ ይግቡ፣ እንደ ባልና ሚስት፣
አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እንዲስብለት።»
ፊልትሮው ተለወጠ። ኮምፒውተሩ ተስተካከለ።
ፒስተኑ ቀረ፤ ገንዘቡ ለሚያፈሰው ጣራችን ተባለ።
ኦድቫር ሁለት ቀን አኮረፈ፤
በሦስተኛው ፈረመ።

ሰኔ ላይ ወጣን። ጉሙ እንዳለ ነው፣
በጎቹም እንደ ልማዳቸው መንገድ ዳር ተኝተዋል።
አንደኛው እጥፋት፣ ሁለተኛ ማርሽ።
አራተኛው፣ ያው ሁለተኛ ማርሽ።
ሰባተኛው ላይ አንድ የጀርመን ካራቫን ሊያስቆመን ምን ቀረው፣
ኦድቫር ጋዙን ሲያዞር ሞተሩ «እሺ» አለው፣
ከሆዱ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይንገጫገጭ፣
እቃውንም እኛንም ከነእርጅናችን አንሥቶ።
ስምንተኛው። ዘጠነኛው።
ቋ የለም።

ዝምታውን ወደድኩት ብል ዋሸሁ።
ለካ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ኳኳታ ነበር
«አለሽ?» «አለሁ» የተባባልነው።
ዐሥራ አንደኛውን አልፈን መንገዱ ሲቀና፣
አንገቴን ወደፊት ሰጠሁና፣
ሆን ብዬ፣ በግንባሬ፣
ቋ!

እሱም ሳይዞር፣
ፍሪሲዮን ያልፈለገው ግራ እጁ
ሥራ ፈቶ ነበርና፣
ወደኋላ ዘርግቶ ጉልበቴን ነካ አደረገው፣
አዲሱን።