ግብጦ በላህ ወንዝ

አሰልጣኝ አንሙት ደብተሩን ዘርግቶ
ክብ ሳለ በእርሳስ፣ በሦስት ለይቶ፤
«ይህ ድንችና ገብሱ ለእግርሽ ማገዶ ነው፤
ይህ ሽምብራ፣ እንቁላሉ፣ ለጡንቻሽ ማገር ነው፤
ይቺ ጠባብ ጥግ ደግሞ የኑግ ናት፣ የቅቤ፤
ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት፣ ነገርኩሽ ከልቤ።»

«እሺ» አልኩት።
ማታ በላጲስ ያቺን ጥግ አጠፋኋት።

«የቀለለ ይቀድማል» የሚል ሰምቼ ወሬ
ዘይት የነካው ወጥ ራቀ ከሰፈሬ፤
ቁርሴ በሶ በውኃ፣ እራቴ ጭብጥ ጥሬ።
መጀመሪያማ ቀለልኩ!
ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ ደርሼ ስመለስ በጠዋት
አንሙት ሰዓቱን አየው፣ ነቀነቀው፣ የቆመ መስሎት።

ኋላ ግን ብርድ ገባኝ በግንቦት ጠራራ፤
ፀጉሬ በማበጠሪያ ቀረ በየተራ፤
አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣
አስፋልት ዳር ተቀመጥኩ፤ የባጃጅ ልጅ ሳቀብኝ።
ታጥቦ የሚሰጣው ጨርቅ ጠፋ ከገመዴ፤
ሦስት ወር ሙሉ። ዝም አልኩ። ለማን ይወራል ጉዴ?

ያየችው አከራዬ ናት፣ ወይዘሮ ባንቺይርጋ፤
ግብጦ ነጋዴ ናት።
ምንም አልጠየቀች፤ ቀሰቀሰችኝ ገና ሳይነጋ።
ላህ ወረድን።
ጆንያው ከድንጋይ ጋር ታስሯል በገመድ፤
ውኃው ይሮጥበታል፣ እሱ ወዴትም ላይሄድ።
«ስንተኛ ቀኑ ነው?»
«አምስተኛ። ቅመሺው፤ ገና ነው፣ ይመራል።»
«ታዲያ አይዘገይብሽም?»
«እኔ ምን አስቸኮለኝ? ወንዙ ይሮጥልኛል።»

ከወዲያኛው ጆንያ፣ ምሬቱ ከለቀቀው፣
ዘግና ሰጠችኝ፤ ጨው ነስንሳ፣ የኑግ ዘይት ጠብ አድርጋበት፤
ልጣጩን እየተፋሁ በላሁ፣ ደግማ ዘገነችልኝ፤
ጣቶቼ አብረቀረቁ። ላስኳቸው፣ እንደ ሕፃን፣ ሳላፍርበት።

የዚያን ዕለት ደብተሩን ገልጬ፣ የላጲሱን ጠባሳ አይቼ፣
ያቺን ጥግ መለስኳት፣ በእስክሪብቶ፣ አጥብቄ ተጭኜ።
አንሙት መነጽሩን ወልውሎ፣ «ይቺ እኔ ከሳልኳት ሰፍታለች» አለ።
«ውዝፍ አለብኝ» አልኩት።
ሳቀ መሰለኝ። ሰዓቱን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ።

ሰኔ ላይ በሃያ ሰከንድ ዘገየሁ፤ ሐምሌም ያው ነበረ።
ነሐሴ፣ ዝናቡ ባባራ አንድ ጠዋት፣
ጨርቄን አጥቤ አሰጣሁ።
ባንቺይርጋ ቁናዋን ታቅፋ ልትወጣ ስትል
ገመዱን አየችና
ተመልሳ ገባች፣ አንድ እፍኝ ግብጦ ይዛልኝ ወጣች።