አድራሻ

ካርድ ክፍል ነኝ እኔ፣ ከመስኮቱ ኋላ፣
ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ
አልጠይቅም ነበር።
በሽታን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው ብዬ
አሥራ ስምንት ዓመት ኖርኩ ካርድ አቀብዬ።

ግን ዓይን ሥራ አይፈታም።
የኩላሊት ክፍሉ ማኅተም ሲበዛ
«አድራሻ» ከሚለው ከታችኛው መስመር
አንድ ሰፈር መጣ፣ መጣ እንደ ዋዛ፦

ሰይድ ይማም፣ ሠላሳ አራት፣ ሾላ ግርጌ።
ትርንጎ አበጋዝ፣ አርባ አንድ፣ ሾላ ግርጌ።
ዘምዘም እንድሪስ፣ ሃያ ስድስት፣
(ስሟ እንኳ የጉድጓድ፣ የተባረከ ውኃ)
ሾላ ግርጌ።

ስኳር የለባቸው፣ ደም ግፊት የላቸው፣
እንጀራቸው ሽንኩርት፣ ፀሐይ ነው ጣሪያቸው፤
ከኮምቦልቻ ሙቀት ሐረጎን በሌሊት በሚኒባስ ወጥተው
ከደሴ ጉም መሃል ይወርዳሉ ነጥተው።
ታች ወንዙ ዳር መኪና፣
እላይ እኛ ጋ ደም፣
እጥበት ነው ሁሉም።

አንድ ቀን ደፈርኩ፣ የማያገባኝን፦
«ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ?»
«ከፓምፑ ነው ጋሼ፤ ጨው ጨው ይላል እንጂ፣ ማን ይሰጣል ሌላ?»
«ቀን ማሳው ላይስ?» ሳቁ። «ጀሪካኑ ከዛፍ ሥር፣ አለቃው ከኋላ።
ወገብ ሲቆርጠን ግን ከሱቅ ቀዩን ኪኒን፣ ሁለት ሁለት አርገን…»
ሰይድ ዝም አለ።
ትርንጎ ወደ ላይ አንጋጣ፣
«ኩላሊትን መርማሪው እሱ ብቻ» አለችኝ።
አመነች፣ ተኛች መሰለኝ፤ እኔን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ካለፈው ዓመት ካሌንደር ጀርባ ቦርከናን ሳልኩት፣
በየደጃፋቸው ነጥብ አስቀመጥኩት።
ሐኪሙ አየና መነጽሩን አወለቀ፦
«ነጥብ ምክንያት አይደለም። ውኃው ይሆናል፣ ሙቀቱ፣ ኪኒኑ፣
ወይ ሦስቱም ባንድነት፣ ወይ ሌላ የተደበቀ።»
እውነቱን ነው። ማን አወቀ?
ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም፤
አጥፎ አጥፎ
ከደረት ኪሱ ከተተው።

በሚያዝያ የዘምዘምን ካርድ አወጣሁት
ከላይኛው መደዳ
ወደ ታችኛው ሣጥን።
ቁጥሯ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

አሁን አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ፤ ቅጹ መስመር የለውም፣
ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ያዘዘኝ ማንም የለም።
ሰልፉ ያጉረመርማል፦ «ኧረ ቶሎ በል እንጂ!»
ስም?
ዕድሜ?
ቀበሌ?
ውኃስ፣ እህቴ፣ ከየት ነው የምትቀጂ?