የመቆሚያ ዋጋ

መሄድስ ይቻላል።
ቤንዚን ቢጠፋ እንኳ፣ በሃይላንድ ይገኛል፤
ጎማው ቢተነፍስ፣ ጎረምሳ ይነፋል፤
ቁልቁለት ከሆነ፣ ሞተር ጠፍቶም ያልፋል።
ለመቆም ነው ጣጣው፣
ገንዘቤን ከኪሴ፣ እንደ ጥርስ ያወጣው።

ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ከሐይቁ ዳር ስነሣ
ከኋላዬ በቅርጫት፣ አምባዛ፣ ቆሮሶ አሳ፣
ከነውሃው የሚንጠባጠብ፣ ገና ነፍሱ ያልወጣ፣
አንዱማ ጀርባዬን፣ በጭራው እየቀጣ።
ከአደባባዩ ስደርስ፣ ባጃጅ ከፊቴ ቆመች፤
እሷስ ፍሬን አላት፣ እንዳሻት ትቆማለች።
እኔ ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ እግሬ እታች ሰመጠ፣
ደንገል ሥር እንዳለ ማጥ፣ ፔዳሉ ተዋጠ።
ጫማዬን እየጎተትኩ፣ ሶሉን አስፋልት ላይ ፍቄ
ቆምኩ፤ የዘንባባውን ግንድ፣ እንደ ዘመድ አንቄ።
ቅርጫቱ ተገልብጦ፣ መንገዱ በአሳ አበራ፤
ስምንት ኪሎ የሚሆን፣ ለውሻና ለአሞራ።

ማታ ለአንጓች «ፍሬን አጣሁ» አልኳት።
የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤
«የቱን?» አለች። ዝም አልኳት።

ወኪሉ ዘንድ ገፋሁት። ወለሉ ፊት ያሳያል፤
ዘበኛው ከሞተሩ ይልቅ፣ እኔን ዞሮ ያሸታል።
ልጅቷ ፎርም ሰጠችኝ፦ ስም፣ ስልክ፣ የሻንሲ ቁጥር፣
«ችግሩ ምንድን ነው?» የሚል፣ ከሥሩ ሦስት መስመር።
«አይቆምም» ብዬ ጻፍኩና፣ የቀረውን ተውኩላት፤
ሻዩ በነጻ ነው አለች፤ እስካሁን አላመንኳት።

በአራተኛው ቀን ተጠራሁ፤ ወረቀት ዘረጉልኝ፤
እንደ ጥሎሽ ዝርዝር ረዝሞ፣ ልጅ የምድር መሰለኝ፦
«ማስተር ሲሊንደር፣ ካሊፐር፣ ዲስክ፣ ሸራ፣ ቱቦ፣ ዘይት፣
የምርመራ፣ የእጥበት…» ቫቱ ሲደመርበት
አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ፣ ከስልሳ ሁለት ሳንቲም።
ሳንቲሟ ናት ያሳቀችኝ። ሳንቲም እኮ ዛሬ የለም።
«ሸራውን ብቻ ብትቀይሩት?» «ሲስተሙ አይፈቅድም፣ ወንድሜ።»
«ሲስተሙን ላናግረዋ!» አልኩ።
እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነው፣ ቆሜ።
የምርመራ ስምንት መቶ፣ ከፍዬ ወጣሁ እየገፋሁ፤
ወለላቸውን አቆሽሼ፣ ለአፍታ እንኳ አልተከፋሁ።

ሽምብጥ፣ ከዋርካው ሥር፣ ጋሽ ስንሻው ይሠራል፤
ጆሮው አይሰማም፤ ሞተርን በጣቱ ያዳምጣል።
ፈታው። ነፋው። በጉጠት፣ ከካሊፐሩ ጥርስ ሥር
ስስ ነገር መዘዘ፣ ክብ፣ የሚያበራ፣ እንደ ብር።
የአሳ ቅርፊት።
«ስንት ዓመት ጫንክበት?» አለኝ። ስድስት አልኩ፣ በጣት።
«ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዲህ፣ ከቅርጫትህ ጠጥቷል፤
ጣና ነው የበላው ልጄ፤ ቀሪውን ዝገት ጨርሷል።»
ለካስ የሚያበላኝ ነበር፣ ከሥር ሥሬ የበላብኝ፤
ጠብ ጠብ እያለ ከኋላ፣ ሒሳቡን ያሰላብኝ።

ሸራው አዲስ ነው። ዲስኩ ግን፣ ከሌላ ሞተር የተፈታ፤
«የማን ነበር?» ብለው፣ አልሰማም፤ ቁልፍ ፈለገ ለአፍታ።
ሁለት ሺህ አራት መቶ። ግማሹን በብር ከፈልኩ፤
ግማሹን በቆሮሶ፣ እስከ ፍልሰታ መግቢያ ተዋዋልኩ።
ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ከቅርጫቱ ሥር እንደ ሽንት ጨርቅ
አሰርኩለት። «ወለድክ እንዴ?» አለች አንጓች በሳቅ።

ይኸው አሁን ስረግጠው፣ ከቤዛዊት ቁልቁል ይቆማል፤
ብቻ ትንሽ፣ እንጃ፣ ወደ ግራ ይጎትታል፣
ወደ ውሃው።
ጋሽ ስንሻውን ብጠይቀው፣ «ይለምዳል» አለኝ፤
ሞተሩ ይሁን እኔ ግን፣ አልነገረኝ።