የ«ኦ» ሣጥን

ፍራነከር ላይ ነው፤ ቦዩ ድንጋይ ሆኗል፤
ጀልባው በቆመበት በብርድ ታስሯል።
ከማተሚያው ቤት ውስጥ ሲትስከ ቆማለች፤
በመዳፏ ሙቀት እርሳስ ታሞቃለች፤
ዓይኗ ዳምኗልና ጣቷን ታምናለች።
ፊደል ለቃሚ ናት፤ ላቲን አይገባትም፤
ቃል በራሱ ቢቆም እሷን አይደንቃትም።

ጽሑፉ የተማሪው፣ የላይ ቤቱ ዊብራንድ፣
ምድጃ ታቅፎ ከዓለም የሚፋረድ።
«ይህ እጅ እጄ ነው? ምስክሩ የታለ?
በሕልሜም እጅ ነበር፤ ስነቃ ግን የለ»
እያለ እንደ ምንጣፍ ያራግፋል ዓለሙን፣
አቧራው በንኖ እስኪያይ የቀረውን።

እሷ ምን አገባት! ክፍያዋ በገጽ ነው።
ግን ማክሰኞ ማታ፣ ገጹ ሲጋመስ፣
ጣቷ ሣጥን ገባ፣ ባዶ እንጨት ሊዳስስ።

«ኦ» አልቋል።

ሌላው ፊደል ሞልቶ ክቡ ብቻ አነሰ፤
ምን ዓይነት ሰው ጻፈው፣ «ኦ» የጨረሰ?
ኩራዟን አንሥታ ደረጃውን ወጣች፤
«ልጄ፣ ‹ኦ› አነሰኝ፣ ሌላ ቃል ፈልግ» አለች።

ሳቀ።
«እሱ እኮ እኔ ነኝ፤ በላቲን ሰዋስው
የ‹እኔ› ማደሪያ የግሱ ጫፍ ላይ ነው።
እጠራጠራለሁ፣ እክዳለሁ፣ እሻለሁ፤
በያንዳንዱ ጅራት ‹ኦ› ሆኜ ቆሜአለሁ።»

(በእኛም አፍ ቢሆን እንዲሁ ነው ነገሩ፤
«እኔ» ተሸሽጎ ከግሱ ድንበሩ፣
«አስባለሁ» ሲባል፣ ከሁሉ በኋላ
«ሁ» ብላ የምትቀር የእስትንፋስ ጥላ።)

«ዓለም ቢያሞኘኝም አብሮ ተማምሎ፣
የሚሞኝ ከሌለ ማን ሊገኝ ተታሎ?
ከዚያች አለት ላይ ነው ዕውቀት የሚሠራው፤
ጣራው ቢነሣ እንኳ መሠረቱ ያው ነው።»

ሲትስከ ዝም አለች።
ክብ ነገር ታያት፣ መካከሉ ባዶ፤
የዛሬ ሦስት ዓመት የከፈተው በረዶ፤
ጠርዙ ላይ አንድ እግር መንሸራተቻ ጫማ፣
ማሰሪያው ያልተፈታ።
የሰባት ዓመት ልጅ፤ «የለ» ነበር ስሙ፤
በፍሪስላንድ ስም ነው፤ በእኛ አፍ ነው ሕመሙ።

«እኔም አስባለሁ፣ ሻማው ሲያልቅ ነዶ፣
ዓይኔ ቢከዳኝም በሞራ ተጋርዶ።
እሱን ሳስብ ውዬ፣ እሱን ሳስብ አድራለሁ፤
እንዳልከው ከሆነ እኔስ እርግጥ አለሁ።
የእኔ መኖር ይቅር፤ ማን ጠየቀህ እሱን?
የማስበው ልጅስ? አምጣ ማስረጃውን።
ከእኔ ተነሥቶ እሱ ዘንድ የሚያደርስ
ድልድዩ የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

ዊብራንድ ወረቀት አገላበጠ፤
ምድጃው ውስጥ አንድ ፍም ተሰነጠቀ።
«ከራስ ውጭ ስላለው... ሦስተኛው ክፍል ነው፤
ገና አልጻፍኩትም» አለ፣ ሳያያት።

ወረደች። ሊነጋ ነው፤ ገጹ ይጠበቃል።
«ኦ» በጎደለበት ሌላ እርሳስ ገልብጣ፣
እግሩን ወደ ሰማይ አቁማ አሠረችው።
የሙከራው ወረቀት ከመጭመቂያው ሲወጣ
በየግሱ ጫፍ ላይ፣ «እኔ» ባለበት ስፍራ፣
ጥቁር ቀዳዳ ነበር፤ በረድፍ፣ በተራ።
ዊብራንድ ሊያርመው ብዕሩን አነሣ፤
ቀለሙ ጫፉ ላይ ደረቀ።

ሐሙስ ገጹ ፈርሶ ፊደል ሲመለስ
በአመድ ውኃ አጠበች፤ ጣቷ እስኪቆስል ድረስ
ክቦቹን ቆጥራ ሣጥናቸው ከተተች።
አንዷን ግን በሽርጧ ኪስ አስቀረች።
አሠሪዋ ሚዛን ይወዳል፤ እርሳስ ይመዝናል፤
ስለ አንዲት «ኦ» ግን ማንም አልጠየቃትም።

ማታ፣ በጨለማ፣ ጠርዟን በጣቷ እየዞረች፣
«የለ!» ትላለች ቀስ ብላ፤
ግድግዳው ተቀብሎ
«የለ» ይላታል።