ያልተመለሰ ጥሪ

ሱ ፎልስ፣ የካቲት ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣
ቅዳሜን ከእንቅልፌ ሰርቄ ለመኪና ሰጥቼ፣
ከሽማግሌው ከኦርቪል ደጅ በረዶ ላይ ቆሜያለሁ።
ኮፈኑን ከፍቻለሁ፣
ዘይቱን በጨርቅ ጠርጌ በአፍንጫዬ አሽትቻለሁ፣
የጎማውን ጥርስ ጥልቀት በሳንቲም ለክቻለሁ።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ
ከንፈሯን ገልጦ ያያል፣ ጥርሷ ስንት ዓመት እንደበላ፤
ዋጋ የሚጠራው ኋላ።
እኔስ የዚህችን ብረት ዕድሜ፣ ሕመሟንም ጭምር፣
በምን ከንፈር ገልጬ ልመርምር?

የፊት መስታወቱ ግርጌ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ውርጭ የሸፈናት
የሻንሲ ቁጥር አለች፤ አስራ ሰባት ናት።
በባንክ ካርዴ ፋቅኳት፤ ውርጩ እንደ ዱቄት ረገፈ።
እኔ አነብባለሁ፤ የሐመልማል አውራ ጣት ስልኳ ላይ ጻፈ።
አልቀበልም አለ።
ደገምን። ቆጠርን። አንድም አልጎደለ።
«እማዬ፣ ‹ኦ› አልሽኝ እኮ!
ሻንሲ ላይ ‹ኦ› አይጻፍም፣ ክብ ሁሉ ዜሮ ነው» አለች።
አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ይህን ከየት ሰማች?

ከዚያማ ቀይ መስመር መጣ። ቀስ ብላ አነበበችው፦
«አንድ ጥሪ። ያልተጠገነ። የተሳፋሪው ኤርባግ።
በግጭት ጊዜ ሲነፋ፣ የጋዙ ቋት ሊሰነጠቅ፣
ብረት እንደ ጥይት ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል።»
ፊት የምትቀመጠው
እሷ ናት፤ ከቤት ስንወጣ «ቦታው የኔ» ብላ ይዛለች፣ ገና ሳንገዛው።

ጥሪ ይሉታል እዚህ። የሠራት ፋብሪካ ተጸጽቶ፣
ከሺህ መኪና መሀል በቁጥሯ ጠርቶ፣
«ነይ ተመለሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ በነጻ ልጠግንሽ» ይላል።
በእኔ ቋንቋ ግን ሠሪው የጠራው
ይቀበራል እንጂ፣ መቼ ይጠገናል?

ስልኩን ለኦርቪል ዘረጋሁ። መነጽሩን ፈልጎ አጣ።
ሐመልማል ጮክ ብላ አነበበችለት።
ዝም አለ። በተሳፋሪው በር ገባ፣
የክሩስኮቱን ኪስ ከፈተ፤ የዓይን ጠብታ፣ ያለቀ ከረሜላ፣ የሹራብ ክር፣
ከሥሩ ፖስታ ወጣ።

ሦስት ናቸው። በሚስቱ ስም፣ በማርዴል፤ መኪናዋ የሷ ነበረች።
መንዳቱን ግን ለሱ ትታ፣ እዚያው ወንበር ላይ
ሹራቧን እየሠራች ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠች፤
አምና በኅዳር ሞተች።
ሁለቱ እንደታሸጉ ናቸው። አንዱ ተቀዷል፤
ከደብዳቤው ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ፣
«ኦርቪል ሰኞ ይደውልላቸው» ይላል።

የትኛው ሰኞ እንደሆነ ቀን የለውም።
ብዙ ሰኞ አልፏል። ምንም አልሆነችም፤
የገደላት ኩላሊቷ ነው፣ ኤርባግ አይደለም።
ይህን እሱም ያውቃል፤ ቢሆንም
መዳፉን ከኪሱ በላይ፣ ክሩስኮቱ ላይ ዘርግቶ፣
የታመመ ከብት ሆድ እንደሚዳብስ ሰው ቆየ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለ በመጨረሻ።

ሰኞ ደወለ። ለሐሙስ ቀጠሩት።
ሐሙስ እሱ ነዳ። «ሁለታችሁም ከኋላ» አለን፤
ሐመልማል አላኮረፈችም።
እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ጎን ለጎን ተቀመጥን።
ከፊት፣ በባዶው ወንበር ላይ፣ ያቺ የተቀደደች ፖስታ አለች፤
መታጠፊያ ላይ ስትንሸራተት በቀኝ እጁ ያዝ ያደርጋታል።
በረዶው መቅለጥ ጀምሯል።
ስለ ዋጋው ገና አልተነጋገርንም።