የማሪኑስ ውሃ

ባሕር ከእኛ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው የሚያድር፤
ግድቡ ባይኖር ኖሮ ዓሣ ነበር አገር።
አርባ ዓመት ሙሉ ባሌ ከፓምፕ ቤት አድሮ፣
በሞተር ጩኸት ላይ እንቅልፉን ቀጥሮ፣
የቦዩን ከፍታ በእርሳስ ሲመዘግብ፣
አንድ ጣት በጨመረ ቦት ጫማውን ሲስብ፣
ውሃን በዓይነ ቁራኛ የጠበቀ ሰው ነው፤
ወንድሙን በልጅነት ባሕር ነው የበላው።

አምና ቅጠል ሲረግፍ እግሩ ከዳው።
ወጥ ቤት መሀል ቆሞ፣ ጫማው ከወለል ተጣብቆ፣
«ያኮሚና፣ ይሄ ቤት ጭቃ ነው እንዴ?» አለኝ ስቆ።
ሳቅሁ እኔም አብሬ፤
ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ዘንግቼ፣ በገዛ አገሬ።

ቀጥሎ ሱሪው ረጠበ።
ሌሊት አንሶላ አጠብሁ፣ ልጃችን ሌኒ ሳትሰማ፤
ቀጥሎ የቀናቱ ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ የጎረቤት፣ የከተማ።
የመንደሩ ሐኪም ትከሻውን ነቀነቀ፦
«ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ሰባ ስድስት ዘለቀ።»

ሮተርዳም ላይ ግን ዶክተር ፈምከ
ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ
አሳየችኝ፦ መሀሉ ጥቁር ኩሬ፣
አንጎሉ ዳር ዳር ተገፍቶ፣
ጎርፍ እንደከበበው በግ ግድብ ጠርዝ ላይ ወጥቶ።
ከራስ በላይ ነፋስ ሲሉ ነው የማውቀው፤
የእሱን ራስ ግን ከውስጥ ውሃ ነው ያስጨነቀው።

ከወገቡ በመርፌ አርባ ሲሲ ቀዱ፤
ጥርት ያለ፣ የዝናብ ውሃ የመሰለ።
ከሦስት ሰዓት በኋላ ከአልጋው ወረደ፤
ኮሪደሩን እስከ መስኮቱ ሄደ።
ነርሱ በሰዓት ለካው። ዞረ። ተመለሰ።
«ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቦዩን ማን ለካው?» ብሎ ወቀሰ።

አሁን ከጆሮው ጀርባ፣ ከቆዳው ስር፣ ቱቦ አለ ቀጭን፣
በአንገቱ ወርዶ ሆዱ ውስጥ የሚያፈስ፤
ሲሞላ የምትከፈት፣ ሲጎድል የምትመለስ
አንዲት በር አለችው፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል።
በጣቱ ዳሰሳትና፣
«ሌሊት ማን ይጠብቃታል?» አለኝ እንደ ተረኛ።
«እኔ» አልሁት።

ሁሉ አልተመለሰም። ደረጃ ላይ ግራ እግሩ ያመነታል፤
የሌኒን ትንሿን ልጅ በእናቷ ስም ይጠራታል።
ስለነዚያ አንሶላዎች አልጠየቅሁትም፤
ያስታውስ እንደሆነም አልነገረኝም።
ራሱ ያልቻለውን ሆዱ ችሎ ያዘው፤
ውሃውንም፣ ያንንም፣
ሆድ ይፍጀው።